ሽማግሌ የተላከበት ካምፕ

እኔ ዘርፈሽዋል፣ እዚህ ሮም ከተማ፣ የጓደኛዬን ልጅ ለማስለቀቅ ሽማግሌ አስከትዬ የጣልያን ጦር ካምፕ በር ላይ የቆምኩ ሴት ነኝ። ድፎ ዳቦም ታቅፌ ነበር። መሳቅ የሚፈልግ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ፤ በኋላ ቢስቅብኝ ግን አልታገሥም። ይህን የምጽፈው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ባሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች ሰው ሁሉ ነገሩን እየቆራረጠ ስለሚያወራው ነው። አንዱ አብደው ነው ይላል፣ ሌላው ልጅቷን ሊያስሯት ሲሉ ደረሱላት ይላል። ሁለቱም ውሸት ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር።

ጓደኛዬ ልዕልቲ ትባላለች። ኤርትራዊት ናት፤ ተወልዳ ያደገችውና የተማረችው ግን አዲስ አበባ ስለሆነ አማርኛዋ ከኔ ይጠራል። ሲያናድዷት ብቻ ትግርኛዋ ይቀድማታል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ እሷን ከነቤተሰቧ አውቶቡስ ላይ ጭነው ወደማታውቀው አስመራ ሰደዷት። እዚያ ገብታ ገና አገሩን ሳትለምደው ደግሞ ለብሔራዊ አገልግሎት ተጠራች። ዓመት ተኩል ብቻ ነው አሏት። ዓመት ተኩሉ አለፈ፤ በቃሽ ሂጂ ያላት ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ጊዜ እናቷ ያለችበት የጦር ካምፕ ድረስ ሊጠይቋት መጡ። ከአስመራ እስከዚያ ቆላ ድረስ በጭነት መኪና ተንገላትተው፣ ሕምባሻ በነጠላ ጠቅልለው። ዘበኞቹ በሩን አልከፈቱላቸውም። ልዕልቲ ከሽቦው ወዲህ ሰልፍ ላይ ቆማ አየቻቸው፤ በነጠላቸው ጥለት ነው የለየቻቸው። መጣራት አይፈቀድም። እናትየው ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ቆመው፣ በመጨረሻ ሕምባሻውን እንደታቀፉ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ልዕልቲ ሸሸች። ሱዳንን አለፈች፣ ሊቢያን አለፈች፣ ባሕሩን አለፈች። እናቷ ግን ዳግመኛ ሳታያቸው ሞቱባት።

ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ልጇ ሄርሞን ክርስትና የተነሳች ዕለት። ለልጇ ግን ትንፍሽ አላለችም። ሄርሞን የምታውቀው እናቷ «ከወታደር ቤት ሸሽታ» መምጣቷን ነው፤ በቃ። እኔ መጀመሪያ የምናደደው በዚህ ነው። ያልነገሩትን ልጅ ከየት አምጥቶ ይወቀው? አፋችንን ዘግተን አሳድገን፣ ኋላ «እንዴት አልገባሽም» እያልን እንጮኻለን።

ሄርሞንን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። የተወለደችው እዚሁ ሮም ነው፤ ያደገችውም ቶር ፒኛታራ ሰፈር፣ እኔና እናቷ በር ለበር በተከራየንበት ሕንፃ። አባቷ ሥራ ልፈልግ ብሎ ስዊድን እንደሄደ በዚያው ቀልጦ ቀረ፤ ስለሱ ቀለም አላባክንም። ልዕልቲ ፒኜቶ ሰፈር አንዲት አሮጊት ጣልያን ስትጠብቅ፣ እኔም የሰው ቤት ሳጸዳ፣ ልጅቷን እየተቀባበልን አሳደግናት። ስትናገር ፍጹም ሮማዊት ናት፤ ስትሳደብማ ከነሱም ትብሳለች። ሆኖም አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ድረስ በተወለደችበት አገር እንደ እንግዳ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስታሳድስ ነው የኖረችው። ኮሙኔ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ቀርባ ቃለ መሐላ የፈጸመች ቀን እኔና እናቷ የአገር ልብስ ለብሰን አጀብናት። አሁንስ አለፈልን ብለን ነበር።

ምን ያልፋል! ብዙም ሳይቆይ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር ከሜትሮ ስትወርድ አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሌሎቹን ሁሉ አሳልፎ እሷን ብቻ ነጥሎ አቆማት። ሰነድ አምጪ አላት። መታወቂያዋን አገላብጦ አየና «ጣልያንኛ ትችያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። እቤት ገብታ ስትነግረን አላለቀሰችም። እኔ ሰውየውን ባገኘው ምን እንደማደርገው እዚህ አልጽፍም። ልዕልቲ ደግሞ «ተይው፣ ነይ ብዪ» አለቻት። ሁልጊዜ ተይው ነው መልሷ።

ልጅቷ ግን አልተወችውም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት መጥፋት ጀመረች። የት ነሽ ስትባል ፓሌስትራ ነኝ ትላለች። እኛም ስፖርት ጥሩ ነው ብለን መረቅናት። ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ መጎንጎን ጀመረች፣ ሰው ሲያናግራት ቀጥ ብላ መቆም አመጣች፣ አልጋዋን ስታነጥፍ አንሶላው መጨማደድ ቀረ። ልዕልቲ «ተባረኪ፣ ልብ ገዛሽ» እያለች ደስ አላት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ።

ነገሩ የወጣው ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ነው። የጣልያኖቹ ፋሲካ አልፎ የኛው ገና አልደረሰም ነበር። በዚያ ቀን ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ ካህናቱ የኛን ያጥባሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ፣ ጫማችንን አውልቀን በተርታ ተቀምጠናል። ሄርሞን በእናቷና በኔ መካከል ነበረች፤ ካልሲዬን አላወልቅም አለች። ተራው እየደረሰ ነው፣ ጎሸም አደረግኳት። እንቢ አለች። «ቀሲስ እየጠበቁ ነው፣ አታሰድቢን!» ብዬ ራሴ ጎንበስ ብዬ ሳብኩት።

ቀሲስ ኃይለመለኮት የወይራ ቅጠሉን ውሃ ውስጥ እንደነከሩ እጃቸው ቆመ። ከዚያ ፈገግ አሉና «ልጄ፣ ከኢየሩሳሌም በእግርሽ ነው እንዴ የመጣሽው?» አሏት። ተረከዟ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ተልጧል። የአውራ ጣቷ ጥፍር ጠቁሯል። እኔ የመሰለኝ አዲስ ጫማ ነበር። ልዕልቲ ግን ያንን ቁስል ታውቀዋለች፤ በሷም እግር ላይ እዚያው ቦታ ጠባሳ አለ። ፊቷ አመድ መሰለ።

ጉልባን እየታደለ ሳለ ልጇን ወደ ግቢው ጥግ ወሰደቻትና ቀስ ብላ «ጫማው የት አለ?» አለቻት።

«የቱ ጫማ?»

«የወታደር ጫማው።»

ሄርሞን ወደኔ አየች፤ እኔ ምንም አላውቅም። «ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የዕቃ ሣጥኔ፣ አርማዲየቶው ውስጥ ቆልፌበታለሁ» አለች።

በሕማማት ሰው አይጣላም። ስለዚህ ልዕልቲ ነገሩን ዋጠችው። ስቅለት ዕለት ስትሰግድ ግን ወለሉን የምትቀጣው ነበር የሚመስለው። ቅዳሜንም እንደዚያው ተኮራርፈው አሳለፉት። የፋሲካ ዕለት ጾሙን ልንፈታ ገበታው ቀርቦ፣ ዶሮው ገና ሳይነካ፣ ፈነዳች።

«ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርኩት? ንገሪኝ! አንቺን ወታደር ላደርግ ነው?»

«ማማ፣ ኮርሶ ነው! ዩኒቨርሲቲው ከጦሩ ጋር ሆኖ የሚሰጠው የመኮንንነት መግቢያ ኮርስ ነው። ክሬዲቲ አለው፣ ለዲግሪዬ ይቆጠራል። ካርታ ማንበብ፣ ሕግ፣ ሰው መምራት እንማራለን። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጓዛለን። መጨረሻ ላይ አንድ ሳምንት ካዘርማ፣ የጦር ካምፕ፣ ገብተን እናድራለን፣ ባስታ። ከወደድኩት በኋላ መኮንን ለመሆን እወዳደራለሁ። ካልወደድኩት እተወዋለሁ።»

«አንድ ሳምንት ነው ያሉሽ?»

«አዎ።»

«እኔንም ዓመት ተኩል ነው ያሉኝ።»

«ይሄ እኮ ጣልያን ነው!»

«ካምፕ ካምፕ ነው። በር አለው፣ ዘበኛ አለው።»

እኔም ዝም አላልኩም፤ ዝም የምልበት ቀን የለኝም። የኔም ወንድም በደርግ ጊዜ ከአውቶቡስ ላይ አፍሰውት እንደወጣ ቀርቷል፤ ካኪ ለኔም ጌጥ አይደለም። «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው!» አልኳት። «ማን ልኮሽ ነው? ማን አስገድዶሽ?»

«ማንም!» ብላ ጠረጴዛውን መታችው። «እኔው ነኝ ራሴ። ያ ሜትሮ ላይ ያቆመኝ ሰውዬ እንደገና እንዲጠይቀኝ አልፈልግም። ያንን ልብስ ለብሼ በፊቱ አልፋለሁ፤ እሱ ነው ቀጥ ብሎ የሚቆመው። እናንተ ሃያ ዓመት ሙሉ አንገታችሁን ደፍታችሁ ምን አገኛችሁ?»

«ልብሱን ስታወልቂውስ?» አልኳት።

«እትዬ ዘርፌ፣ እርስዎ ደግሞ ዝም ይበሉ!» አለችኝ። ክርስትና ያነሳኋት ልጅ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። «እርስዎ» እየተባልኩ መሰደቤ ነው ያሳቀኝም ያናደደኝም። ለመልሱ ስዘጋጅ ግን ልዕልቲ ተነሥታ ቆማ ነበር።

«ካኪ እዚህ ቤት አይገባም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚያ ካምፕ ከገባሽ ወደዚህ እንዳትመለሽ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ ሂጂ።»

ሄርሞን ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ቦርሳዋን አንግታ ሄደች። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትታው ነበር። እናትየው ቁልፉን አላነሳችውም፤ ምግብ ሲቀርብ ሳህኑን በጎኑ ታስቀምጣለች እንጂ። እኔ በሁለቱም ተናደድኩ። አንዷ ውጪ ማለት ያውቃታል፣ ሌላዋ መውጣት ያውቃታል፤ ነይ የምትል ግን ጠፋች።

በማግስቱ ልዕልቲ ከሥራ ሆና ደወለችላት። ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወለች፤ ዝግ። ከሥራ ስትመለስ በሬን ሳታንኳኳ እኔ ቤት ገባችና «ስልኳን ቀሟት» አለችኝ። ኋላ እንደሰማነው ትምህርት ላይ ሳሉ ስልክ ይሰበሰባል፣ ማታ ይመለሳል፤ ያን ቀን ማታ ደግሞ ሄርሞን ተቆጥታ ስለነበር አልደወለችም። ይህን ማን ይንገራት? እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። «እዚያም እንዲህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ደብዳቤ ከለከሉን። ዘርፌ፣ አይለቋትም። ሽማግሌ እንላክ» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለአዛዡ።»

«አንቺ ሴት፣ ጤና የለሽም? ለጣልያን መኮንን ሽማግሌ?»

«ታዲያ ያለ ሽማግሌ ማን ይለቃታል? እናቴ ብቻዋን ስለመጣች እኮ ነው ያልከፈቱላት። ሽማግሌ ይዛ ብትመጣ ኖሮ ያፍሩ ነበር።»

ይህን ስትል መሳቅም መቆጣትም አቃተኝ። ይህን ሐሳብ እስከዚያ ቀን ድረስ በልቧ ይዛው ነበር ማለት ነው። እናቴ ሽማግሌ ብትይዝ ኖሮ እያለች። ቫ ቤኔ፣ እሺ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ቀሲስ ኃይለመለኮት እሺ ያሉት ሳይወዱ ነው። ሁለተኛው አቶ ዑቕባዝጊ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፖርቲዬሬ፣ በር ጠባቂ፣ ሆነው የኖሩ የአስመራ ሰው፣ ለሰላምታ እንኳ ክራባት የሚያስሩ። ጣልያንኛቸው ዛሬ ማንም የማይናገረው የድሮ ጣልያንኛ ነው። ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት ተባለና ሦስተኛዋ እኔ ሆንኩ። ሴት ሽማግሌ አትሆንም ለሚሉ፣ ያን ጊዜ ማንም አልተቃወመም። ልዕልቲ ሌሊቱን ድፎ ስትጋግር አድራ ነበር፤ «ካምፕ በር ላይ ባዶ እጅ አይኬድም» አለችኝ። አውቶቡስ ቀይረን፣ እንደገና ቀይረን ደረስን።

ከበሩ ጎን ለእንግዳ የተሠራ ክፍል አለ። ዘበኛው የቀሲስን ጥምጥምና መስቀል፣ የአቶ ዑቕባዝጊን ክራባት፣ የኔን ዳቦ እያየ ስልክ ደወለ። የመጣችው ሴት ናት፤ ሻምበል። ረጋ ያለች፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች። ወንበር አሳየችን። አልተቀመጥንም። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሳካ አይቀመጥም፤ ይህን የሐበሻ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሻምበሏ ግን ከየት ታውቀዋለች? ወንበሩ ያልተመቸን መስሏት ትራስ ያላቸው ሌሎች አስመጣች። እንደገና አልተቀመጥንም። እሷም ቆማ ቀረች።

አቶ ዑቕባዝጊ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ኤቸሌንሳ»፣ ክቡርነትዎ፣ ብለው ጀመሩ። ልጃችንን ልንለምን እንደመጣን፣ ልጅቷ ገና ለጋ እንደሆነች፣ ያጠፋችው ነገር ቢኖር ስለ ነጭ ፀጉራቸው ይቅር እንድትባል፣ እናቷም ከሷ በቀር ሌላ እንደሌላት ዘርዝረው ተናገሩ። ሻምበሏ እስኪጨርሱ ሰማች። ከዚያ ወደ ልዕልቲ ዞራ «ሲኞራ፣ ልጅሽ ምንም አላጠፋችም። ማንም አልያዛትም። ከፈለገች ዛሬውኑ ልትሄድ ትችላለች» አለቻት።

«ይዋሻሉ» አለችኝ ልዕልቲ በአማርኛ። «ዘርፌ፣ እንዲህ ነው የሚሉት። በሩን ይክፈቱትና ልየው በይልኝ።»

አልኩላት። ሻምበሏ ግራ ገብቷት ለዘበኛው ምልክት ሰጠችው። ያ ትልቅ የብረት በር በሐዲዱ ላይ እየተንሸራተተ ተከፈተ። ከወዲያ በኩል ሄርሞን መጣች። አረንጓዴ ዝንጉርጉር ልብስ ለብሳ፣ ጉልበቷ ጭቃ ነክቶት፣ እየሮጠች። እኛን ስታይ እግሯ ቆመ።

«ማማ! ማ ኬ ፋይ? ምን ሆናችሁ ነው? ሰው ሞተ?»

ከዚያ ቀሲስን አየች። ኮፍያዋን አወለቀች፣ ጎንበስ ብላ መስቀሉን ተሳለመች። ዘበኛው አፉን ከፈተ። ለምን እንደመጣን ሲገባት ግን ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። ጓደኞቿ ከመስኮት ያያሉ። «ሽማግሌ?» አለች። «ሽማግሌ ላካችሁብኝ? ከዚህስ ሞት ይሻላል!»

ሻምበሏ አንዲት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ኮርሱን መተው ከፈለግሽ እዚህ ላይ ፈርሚ። ከፈረምሽ ኮርሱ ይቀርብሻል እንጂ ሌላ ምንም አይደርስብሽም። አሁኑኑ ከእናትሽ ጋር ትሄጃለሽ።»

የመጣንበት ጉዳይ እኮ ተሳካ። ቀሲስ ለመቀመጥ ወንበሩን ሳቡ። ልዕልቲ ግን ወረቀቱን እያየች ቆማ ቀረች። ከዚያ ሃያ ዓመት ያልሰማሁትን ድምፅ አወጣች።

«ይሄ ብቻ ነው? ፊርማ ብቻ? ይሄ ብቻ ነው?» ሻምበሏ ላይ ጮኸች፤ በትግርኛ ጀመረች፣ በአማርኛ ቀጠለች፣ በተሰባበረ ጣልያንኛ ጨረሰች። «እናቴ በር ላይ ቆማለች! ፀሐይ ላይ! ዳቦ ይዛ! እኔ እዚህ፣ እሷ እዚያ፣ ሽቦ መሃል! ማንም ወረቀት አላመጣም! ማንም ፈርሚ አላለም! ዳቦውን ይዛ ሄደች፣ ሞተች! እናንተ አንዲት ፊርማ ትሉኛላችሁ!»

ሻምበሏ ምን በደለች? ምንም። ሆኖም እኔም በዚያች ደቂቃ ጠላኋት። ልጅቷን አልሰጥም ብላ ብትከራከረን ይሻለን ነበር፤ ለክርክርማ ተዘጋጅተን ነበር የመጣነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ከሆነ፣ ለልዕልቲ እናት ለምን ተከለከለ? ይህን የምጠይቀው ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ሁላችንም ጥፋት በሌለባት ሴት ላይ አፈጠጥን።

ሄርሞን እናቷን ታያለች። «የቷ እናትሽ?» አለች። «አያቴ? አያቴ ካምፕ ድረስ መጥታ ነበር?»

ልዕልቲ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሁን የምትጮኸው እሷ ሆነች። «ሁልጊዜ ተይው፣ ተይው! ይሄን ሁሉ ዓመት! የኔ አያት እኮ ናት!»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? አንገቴን ደፍቼ ዝም ብዬ አየኋት ልበልሽ?»

ሄርሞን የፋሲካ ዕለት የተናገረችውን አስታወሰች መሰለኝ፤ አንገታችሁን ደፍታችሁ ምን አገኛችሁ ያለችውን። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ቁጣዋ ግን አልበረደም። ብዕሩን አነሳች። «እሺ። ፈርሚ ካልሽኝ አሁን እፈርማለሁ። ኮርሱም ይቅር፣ መኮንንነቱም ይቅር። ግን አንድ ነገር ስሚኝ ማማ። እዚህ በሩ ክፍት ነው፤ ራስሽ አየሽው። የተዘጋብኝ የኛ ቤት ነው። ቁልፉን አስቀምጪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

አቶ ዑቕባዝጊ ክራባታቸውን ነካኩ። ቀሲስ ወለሉን ያያሉ። ልዕልቲ በተከፈተው በር በኩል ግቢውን አየች፣ ልጇን አየች፣ ጭቃ የነካውን ጉልበቷን አየች። እጇን ዘርግታ ብዕሩን ከልጇ ጣቶች መካከል ወሰደችውና ለሻምበሏ መለሰችላት።

«ግቢ» አለቻት።

«ማማ…»

«ግቢ አልኩሽ። ተረከዝሽን ቅባት ቀቢው፣ ካልሲ ደርበሽ አድርጊ። ስትጨርሺ ቤትሽ ነይ። ቁልፉ ያስቀመጥሽው ቦታ ነው።»

ልጅቷ እናቷን አልሳመችም፤ ገና ተቆጥታ ነበር። ኮፍያዋን አደረገችና ገባች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። እኛም ሻምበሏን ይቅርታ ጠይቀን ወጣን። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው መንገድ ስንጀምር በንዴት እየተቃጠልኩ ነበር። ሥራ አስፈትታ፣ ሽማግሌ አስለምና፣ አገር ለአገር አዙራ፣ ግቢ! ልናገራት ዞር ስል ድፎው አሁንም እኔው እቅፍ ውስጥ ነው።

ልዕልቲ ዳቦውን አየች። ምንም ሳትል ከእጄ ነጠቀችኝና ወደ ካምፑ ሮጠች። ማታ ማታ ከሥራ እያነከሰች የምትመለሰው ሴት፣ ሮጠች። በሩን በመዳፏ ደበደበችው። ዘበኛው ወጥቶ አያት፣ ዳቦውን አየ፣ ወደ ውስጥ አንድ ነገር ተናገረ። ያ ሁሉ ብረት እንደገና በሐዲዱ ላይ ተንሸራተተ። ሄርሞን ተመልሳ መጣች። ዳቦውን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ እንዳስተማርናት ጎንበስ ብላ። ሁለት ጓደኞቿ ከኋላዋ ቆመው ጠረኑን እያሸተቱ ይስቃሉ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ልዕልቲ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሄጄ ክንዷን ያዝኩ። ልቆጣት ነበር የሄድኩት።

«ዘርፌ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከብረቱ ሳትነቅል፣ «ለዳቦ እንኳ ከፈቱት።»